ስሙ ሲጠራ “አለ” በሉልኝ

ለደሴ ከተማና ለደቡብ ወሎ ትምህርት መምሪያዎች፣
ለርእሳነ መምህራን፣ ለመምህራን፣ በር ላይ ለሚቆሙት ጥበቃዎችም ጭምር፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ክረምቱን እንዴት ከረማችሁ?

ይህን የምጽፈው በነሐሴ ነው። ጦሳ ጉም ለብሷል። ቡሄ ስለደረሰ የሰፈሩ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። የእኔ ልጅ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ማንም አልቆለፈበትም። ራሱ ገብቶ በሩን ገርበብ አድርጎታል። ብርድ ልብስና ትራስ ወሩ ከገባ ጀምሮ አስገብቼለታለሁ። ሲበቃው ይወጣል።

ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለው። ከአራት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ጎትቼ አወጣው ነበር። “ወንድ ልጅ ጅራፍ ይፈራል እንዴ?” ብዬዋለሁም። ያን ጊዜ ጆሮው እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም ነበር።

መስከረም ትምህርት ይከፈታል። እንደኔ ያሉ እናቶች ከአሁኑ ሆዳቸው ባር ባር ይላል። በሩ ከመከፈቱ በፊት የምለምናችሁ ነገር አለኝ። ለምን እንደምለምን ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ልጄን መጀመሪያ ያስገባንበትን ትምህርት ቤት ስም አልጠቅስም። ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሰልፍ አለ። ድምፅ ማጉያው ሲከፈት መጀመሪያ ሲጥ ይላል። እኛ ፊታችንን ጨምደድ አድርገን እናሳልፈዋለን። ልጄ ግን መሬት ላይ ወደቀ። ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ፣ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አጣበቀ፣ ጮኸ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየው። አንድ መምህር መጥቶ “ተነስ!” አለው። አልተነሳም። በአርጩሜ ባቱን አንዴ መታው። እኔ ገና ከበሩ ዞር ማለቴ ነበር፤ በአጥሩ ፍርግርግ አየሁት።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። በኋላ ቢሮ አስገብቶ ወንበር ሰጠኝ፤ በትሕትና አናገረኝ። “እህቴ፣ አሞላቀቅሽው” አለኝ። እኔም አመንኩት። ያን ዕለት ማታ ቤት ስገባ ልጄን ይቅርታ አልጠየቅሁትም። ይልቅስ እኔም ተቆጣሁት። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ዩኒፎርሙን ሲያይ ያስመልሰው ነበር።

“ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል” የሚለውን ተረት ያልነገረኝ ሰው የለም። ጎረቤት ነግሮኛል። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የማላውቀው ሰውም ነግሮኛል። የእኔ ልጅ ግን ሳይቆጡትም ያለቅሳል። የሹራቡ አንገት ላይ የተሰፋው ማርክ ሲነካው ያለቅሳል። ወደ ፒያሳ የምንሄድበት መንገድ ተቆፍሮ በሌላ በኩል ስንዞር ያለቅሳል። ይህን በቁጣ የምናስተካክለው ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ፣ በሁለት ወር ውስጥ ጨርሼው ነበር። ስቆጣ ኖሬአለሁና።

እናቴ ዱዓ አስደረገችለት። የባሌ እናት ደግሞ ጸበል ወሰደችው። እኛ ወሎዬዎች ነን፤ ሁለቱም በፍቅር ነው የሆነው፤ ሁለቱንም አልነቅፍም። ልጁ በሁለቱም ቦታ ጸጥታ አገኘ፤ ደስ ብሎት ተመለሰ። ባህርይው ግን ያው ነበር፤ ምክንያቱም በሽታ አልነበረም።

በመጨረሻ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አዲስ አበባ ወሰድነው። በመንገድ ላይ ብዙ ስጋት ነበረብኝ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ይጮኻል ብዬ አቅፌ ያዝኩት። አልጮኸም። በመስኮቱ እያየ የዋሻውን መብራቶች አንድ በአንድ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። ስንወጣ “ደግሞ” አለ። በዚያን ጊዜ በቀን ሦስት ቃል ቢናገር ነው። ሐኪሟ ከነገረችኝ ነገር ሁሉ በላይ ያቺ “ደግሞ” አስተማረችኝ። ልጄ ድምፅና መብራት ሁሉ አይደለም የሚጠላው። ድንገት የሚመጣበትን ነው።

ሐኪሟ ያለችን አጭር ነበር። ኦቲዝም አእምሮ ከመጀመሪያው በሌላ መንገድ ሲያድግ የሚታይ ነው። አስተዳደግ አያመጣውም። እርግማን አያመጣውም። ክትባትም አያመጣውም። ይህን የመጨረሻውን ለእናቶች ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ልጃቸውን ከክትባት ያስቀሩ አሉና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ይገምታል። በዚህ ስሌት 1,270 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ አሥር ያህል ልጆች ይኖራሉ ማለት ነው። እናንተ ግቢ ውስጥ ስንት ናቸው? በስም የምታውቋቸው ስንት ናቸው? በዚያ ላይ መቀመጥና ትኩረት መሰብሰብ የሚያቅታቸው፣ ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ያለባቸው ልጆች አሉ። ብልህ ሆነው ሳለ ፊደል የሚገለባበጥባቸው አሉ።

እናቶችን መውቀስ የኛ አገር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር ሐኪሞች ሳይቀሩ ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስትነፍገው ነው ይሉ ነበር። በኋላ ስሕተት መሆኑ ታወቀ። ይህን ሳውቅ አለቀስኩ። እዚያ እናቲቱ ቀዘቀዘች ብለው ወቀሷት፤ እዚህ አሞላቀቀች ብለው ወቀሱኝ። ልጆቹ ግን አንድ ዓይነት ልጆች ናቸው።

አሁን ስለ ቅብጠት ልናገር፤ መምህራን ከሁሉ በላይ የሚያሳስታችሁ ይሄ ነውና። ልጅ ሲቀብጥ እያየኸው እንደሆነ በዓይኑ ጥግ ይሰልላል። ከረሜላውን ስትሰጠው ለቅሶው እዚያው ይቆማል። የእኔ ልጅ በዚያ ሰልፍ ላይ ከረሜላ ብትሰጡት አያየውም። ማን ቆሞ እንደሚያየውም አያውቅም። እሱ ሞልቶበት ነው። ጀበና ሲገነፍል እሳቱን እንቀንሳለን፤ ካልሆነም ከምድጃው እናወርደዋለን። ከዚያ ረገብ እስኪል እንጠብቃለን። ለልጄም የሚሠራው ይኸው ነው። ድምፅ መቀነስ፣ ሰው ማራቅ፣ ዝም ብሎ አጠገቡ መሆን። ምክር በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ምክርም ለሱ ጩኸት ነው።

አንድ ሌላም ነገር አለ። “እኛ ጋ እኮ ጨዋ ነው፤ ቤት ነው የሚረብሸው” የምትሉን አላችሁ። እውነት ነው፣ እናንተ ጋ ጨዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ራሱን ጨብጦ ይውላል። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዳችሁ ጫማችሁ እየጠበባችሁ ፈገግ ብላችሁ አልዋላችሁም? ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል። እኛ ላይ የሚፈርሰው ስለሚያምነን ነው።

ቤታችን ውስጥ የለወጥነውን ልንገራችሁ። አንዳንዱን ሕግ አላላነው፤ አንዳንዱን አጠበቅነው። የትኛውን እንደሆነ ለመለየት ዓመት ፈጅቶብናል።

ያላላነው ሰላምታን ነው። ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል አይደለም። እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመን፣ ደግመን፣ ሠልሰን ነው ሰላም የምንለው። ልጄ ሲሳም ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሆኖ ይሸማቀቃል። አሁን እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ በቃ። አንድ ሰፈራችን ያሉ ሼህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሲያደርግ ሲያዩት ቆም አሉ። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ “ወዓለይኩም ሰላም፣ የኔ ጌታ” አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ከሩቅ ሲያያቸው ቀድሞ እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ከማንም ጋር እንዲህ አይቀድምም።

ገበታንም አላላን። ልጄ ወጥ የነካው እንጀራ አይበላም። ሽሮው ለብቻ በጎድጓዳ ሳህን፣ እንጀራው ደረቁን። አያቱ ይህን ስታይ ልቧ ተሰበረ። “ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል” አለችኝ፤ ከልቧ ፈርታ ነው። ሳህኑን ከትሪው ጥግ ጋር አጠጋነው። አያቱ ጉርሻ ጠቅልላ በአፉ ልታደርግ ትሞክር ነበር፤ እሱ ይሸሻል፤ እሷ ታዝናለች። አንድ ቀን ደረቁን እንጀራ እንደ ጉርሻ ጠቀለለችው። በአፉ አላደረገችም፤ ሳህኑ ጫፍ ላይ አስቀምጣ እጇን መለሰች። አላየውም። እኛም ወሬያችንን ቀጠልን። ትንሽ ቆይቶ አነሳውና በላው። አያቱ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ዛሬም እንደዚያው ነው። አንዳንድ ቀን ይበላዋል፤ አንዳንድ ቀን ጠቅልሎ ወደሷ ሳህን ይመልሰዋል። ሲመልሰው “አጎረሰኝ” ትላለች፤ ትበላዋለች።

ያጠበቅነው ጥቂት ነው። እህቱን አይመታም። አስፋልት ሲሻገር እጄን ይይዛል፤ የደሴ ቁልቁለትና ባጃጅ ቀልድ አያውቅም። ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ይተኛል። እነዚህን ስንል ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ሌላውን ስላላላንለት እነዚህን ተቀበለን። አሥራ አምስት “አይሆንም” ከምንለው ሦስቱን ብንለው ይሰማናል።

ያላሰብነውን ትምህርት ቤት ደግሞ ቡና ላይ አገኘን። የኛ ቡና ሥርዓት አለው። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ይቆላል፣ ይሸተታል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አይዛነፍም። ድንገት የሚመጣ ነገር የሚያስጨንቀው ልጅ እዚህ ሁሉን ቀድሞ ያውቃል። ስኒ መደርደር ጀመረ። ቀጥሎ ማድረስ ጀመረ። የሰው ዓይን ውስጥ አያይም፤ ግን ጨው የምታደርገዋን፣ ስኳር የምትወደዋን፣ ግማሽ ስኒ የሚበቃትን ያውቃል። ስቶ አያውቅም። ጎረቤቶቼ በሱ እጅ ካልሆነ አንጠጣም ይላሉ። አንድ ችግር ብቻ አለ። በረካ ሳይጠጡ የሚነሱ ሰዎች ያስለቅሱታል። ስለዚህ የሚቸኩል ሰው ሲቀመጥ ቀድሞ “እኔ አቦል ብቻ ነኝ” ይለዋል። ሁለት ቃል ቀድሞ መንገር ነው። ከዚያ በሰላም ይሸኘዋል።

እናንተንም የምለምነው ከዚህ የተለየ አይደለም።

አሁን ያለበት ትምህርት ቤት ስልሳ ልጅ ፊት የምትቆም አንዲት መምህርት አለችው። ጊዜ የላትም፤ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ስም ስትጠራ ልጄ አይመልስም ነበር። ስሙን ሰምቷል፤ ቃሉ ነው የማይወጣለት። “ቀሪ” ብላ ልትጽፍ ትችል ነበር። እሷ ቀና ብላ ፈለገችው፤ መስኮቱ ጥግ አየችው። አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ “አለ?” አለቻት። ልጅቷ “አለ!” አለች። ከዚያ በየቀኑ ስሙ ሲጠራ የክፍሉ ልጆች በአንድ ድምፅ “አለ!” ይላሉ።

ከወራት በኋላ ይህችኑ ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፈችላቸው። “አለ” ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉ ያው ነው። ልጄ ይህን ነገር እንደ ዋሻው መብራት ወደደው። ቤት መጥቶ ወለሉ ላይ በጠመኔ “ገና” “ዋና” “አለ” እያለ ይጽፋል። ላልቶ ያነበዋል፤ ጠብቆ ያነበዋል፤ ይስቃል። ማንበብ የጀመረው በዚህ ነው። መምህርቷ የወሰደችው ተጨማሪ ሥልጠና የለም። የወደደውን ነገር አየች፤ እዚያው ገባችበት።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ድምፅ ሲሰሙ የሚደነግጡ ልጆች ክፍላችሁ ውስጥ እንዳሉ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለእነሱ ድምፃችሁን ዝቅ ማድረግን ችላችሁበታል። አይቻለሁ። ያንን ርኅራኄ ለእነዚህም አውሉላቸው።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ናቸው ይላል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ትምህርት ቤት ለልጁ እንደየሁኔታው ማመቻቸት እንዳለበት ያዛል። እኔ ግን በሕግ ላስፈራራችሁ አልመጣሁም። ማመቻቸት ሲባል ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። ልጁ ሰልፍ ካለቀ በኋላ ቢገባ ስንት ብር ያወጣል? ሲሞላበት ወጥቶ ዛፍ ሥር አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ? ነገ ፈተና እንዳለ፣ መምህር እንደሚቀየር፣ ደወሉ እንደሚቀድም ዛሬ ቢነገረው? የሚያውቀውን በቃል ተጠይቆ ቢመልስ? አርጩሜው ቢቀር? በስም ጠርታችሁት ካልመለሰ “ዘገምተኛ” ባትሉት?

መምሪያዎቹን ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ ነገር እጠይቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። ከልጁ ጋር በጨዋታውና በዕለት ሥራው ውስጥ አብሮ መግባትን ያስተምራል። ስፔሻሊስት ሐኪም ያልሆኑ ሰዎችም እንዲሰጡት ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ በአማርኛ ተሞክሯል። ወሎ የማይመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ እዚሁ ነው። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርባችን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤታችንን ያውቁታል። እነዚህን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ደብዳቤ ከናንተ ቢሮ ቢወጣ እኛ ወላጆች ስኒ አጥበን፣ ቡና አፍልተን፣ ቤታችንን ለስብሰባ እንለቃለን።

ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኦቲዝም ማዕከል ነበር። የጀመሩት ኦቲዝም ያለው ልጅ እናት ስለሆኑ ነው። በገዛ ፊደላችን ልጆችን ቃል የሚያስወጣ ዘዴም ሠሩ። አንዲት እናት ያንን ከቻለች፣ ሁለት መምሪያ ተባብሮ አንድ ሥልጠና ማምጣት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ስጽፍ ጅራፉ ቆመ። የሰፈሩን ልጆች ከሦስት ቀን በፊት አናግሬአቸው ነበር። ትልቁ ልጅ “አብሽሪ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ታች ሜዳው ላይ ነው የምናጮኸው” አለኝ። ዛሬ ረሱትና እዚህ ጀመሩ፤ ትዝ ሲላቸው ወረዱ። ልጄ ከቁም ሳጥኑ ወጥቷል። ስኒ እየደረደረ ነው።

መስከረም ውስጥ፣ ሰልፍ ሲያልቅ፣ 2፡20 አካባቢ በትንሹ በር እንመጣለን። ሹራቡ ማርክ የለውም፤ ካልሲው ተገልብጧል፤ ስሕተት አይደለም። እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ጥበቃው በሩን እንዲከፍትልን ቀድማችሁ ንገሩልን።

አክባሪያችሁ፣
የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት
ደሴ፣ ነሐሴ